ፕሮፖዛል አማና ነው፦ የምርምር ድጋፍ ጥያቄ እንዴት ይዘጋጃል? እንዴትስ ይገባል?



በዚህ እትም የምንነጋገረው ስለ ምርምር ድጋፍ ፕሮፖዛል ነው። ርዕሱን ያየ ሰው "ይህ የመምህራን ጉዳይ ነው፤ እኛን ምን አገባን?" ሊል ይችላል። እኛም ከሁለት ዓመት በፊት እንዲሁ እንል ነበር። ሐሳባችንን ያስቀየረን አንገቱ ላይ የገጠመን ነገር ነውና ከእሱ እንጀምር።

ያመለጠን ቀን

አምስት ሆነን፣ ከአንድ መምህራችን ጋር፣ ስለ ሐረና ጫካ ቡና አነስተኛ ጥናት ለመሥራት አሰብን። ከሮቤ ተነስተን ጎባን፣ ከዚያም የሳነቴን ብርድ አልፈን፣ በሪራ በኩል ወደ ጫካው ወረድን። አንገቱ አካባቢ ያገኘናቸው ገበሬዎች ግማሾቹ ቡናቸውን መሬት ላይ፣ ግማሾቹ ደግሞ በአልጋ ላይ ያደርቃሉ። የአልጋው ይሻላል የሚባለውን ሁሉም ሰምተዋል። ልፋቱንና ወጪውን የሚመልስ ይሁን አይሁን ግን በእነሱ ቡና፣ በእነሱ ገበያ ለክቶ የነገራቸው ሰው የለም። አንድ በዕድሜ የገፉ ሐጂ ቤታቸው አስገቡን፤ ቡና አፍልተው ግማሽ ቀን ሙሉ አስረዱን። ሲሸኙን እንዲህ አሉን፦ "ልጆቼ፣ መጥቶ የሚጠይቅ ብዙ ነው፤ ተመልሶ የሚነግር ግን የለም። እናንተስ ተመለሱ።" እኛም "ኢንሻአላህ እንመለሳለን" ብለን ወጣን።

ግቢ ስንደርስ ለጥናቱ የሚሆን የድጋፍ ጥሪ አገኘን። ሳምንታት ደክመን ፕሮፖዛሉን ጻፍን። ማስገቢያው ቀን "ሴፕቴምበር 30" ይላል፤ ከመካከላችን አንዱ በማስታወሻው "መስከረም 30" ብሎ መዘገበው፣ ሌሎቻችንም ማስታወሻውን አይተን አመንን። ሴፕቴምበር 30 በእኛ አቆጣጠር በአብዛኛው ዓመት መስከረም 20 ነው። ሰነዱን ልናስገባ ስንቀመጥ ማመልከቻው ከተዘጋ ዘጠኝ ቀን አልፎት ነበር። ድጋፍ ሰጪውን መውቀስ አንችልም፤ ጥፋቱ የራሳችን ነው። የዚያ ዓመት ለቀማም አለፈ። ከወራት በኋላ ከመካከላችን አንዱ ሮቤ ገበያ ላይ ከሐጂው ጋር ተገናኘ። "ያ ጉዳይ ምን ደረሰ?" አሉት። የሚመልሰው ጠፋው።

ፕሮፖዛል የወረቀት ሥራ ብቻ እንዳልሆነ የገባን ያን ቀን ነው። ሰው ጊዜውን፣ ምስጢሩንና ተስፋውን ሰጥቶናል። ይህ አማና ነው። ከዚያ ወዲህ ከመምህራንና ከታላላቆቻችን ጠይቀን፣ ራሳችንም ሞክረን የተማርነውን እነሆ።

ፕሮፖዛል ምንድን ነው?

ፕሮፖዛል ለአምስት ጥያቄዎች የሚሰጥ የጽሑፍ መልስ ነው፦ የማይታወቀው ነገር ምንድን ነው? መታወቁ ማንን ይጠቅማል? እንዴት ይታወቃል? በስንት ጊዜና በስንት ገንዘብ? ይህን መሥራት የሚችለውስ ማን ነው? ገምጋሚው ከእነዚህ አንዱን ፈልጎ ካጣ ሰነዱን ወደ ጎን ያስቀምጠዋል።

ለመመረቂያ ጽሑፍ የምናዘጋጀው ፕሮፖዛልና የድጋፍ ፕሮፖዛል ይዘመዳሉ እንጂ አንድ አይደሉም። የመመረቂያውን የሚያነበው አማካሪ መምህራችን ነው፤ የሚሠራው ሥራ መስተካከሉን ለማየት ያነበዋል። የድጋፉን የሚያነበው የማያውቀን ሰው ነው፤ ፊቱ ብዙ ሰነዶች ተደርድረዋል፣ ገንዘቡ ግን ለጥቂቶቹ ብቻ ይበቃል። ስለዚህ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ጉዳያችን ካልገባው ሁለተኛውን ገጽ በሐሳብ ተውጦ አያነበውም።

ብዙዎች የሚጠይቁንን አንድ ነገር እዚሁ እንመልስ። የምርምር ድጋፍ ወይም ግራንት ብድር አይደለም፤ አይከፈልም፣ ወለድም የለውም። ስጦታ ነው ማለት ግን እንዳሻን የምናደርገው ገንዘብ ነው ማለት አይደለም። ለተጻፈለት ሥራ ብቻ የሚውል፣ በደረሰኝ የሚወራረድ፣ የተረፈውም እንደ ውሉ የሚመለስ ነው።

ገንዘቡ የት አለ?

የመጀመሪያው በር የራሳችን ዩኒቨርሲቲ ነው። የአገራችን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከሦስቱ ዋና ተግባራቸው አንዱ ምርምር ነው፤ የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011ም ይህን ያዝዛል። የምርምር ክፍሉ ጥሪ ሲያወጣ በማስታወቂያ ሰሌዳና በትምህርት ክፍሎች በኩል ያሳውቃል። ብዙውን ጊዜ ዋና ተመራማሪ መሆን የሚችለው መምህር ነው። ተማሪ ግን አብሮ ተመራማሪ፣ መረጃ ሰብሳቢ ወይም ጥናቱን ለመመረቂያው የሚጠቀም ሆኖ ሊገባ ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያው እርምጃ ጥሪ ማሳደድ ሳይሆን በጉዳዩ የሚሠራ መምህር ማግኘት ነው። መምህሩ ቢሮ ስንሄድ "አንድ ነገር ስጡን" ብለን ሳይሆን ጥያቄያችንን በአንድ ገጽ ጽፈን እንሂድ።

እዚህ ላይ የበጀት ዓመቱን አንርሳ። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ተጀምሮ ሰኔ 30 ያልቃል። ገንዘቡ ዘግይቶ ተለቅቆ ሰኔ ላይ ቢደርሰን፣ የመስክ ሥራችንም ጥቅምት ላይ ቢሆን፣ ችግር ነው። ፕሮፖዛሉን ስንጽፍ ገንዘቡ የሚወጣበትንና ሥራው የሚሠራበትን ወር አስቀድመን እናስታርቅ።

ሁለተኛው በር ከአገር ውጭ ያሉ ድጋፍ ሰጪዎች ናቸው። በእንግሊዝ አገር ያለው የራፎርድ ፋውንዴሽን ለዱር እንስሳትና ለተፈጥሮ ጥበቃ ሥራ አነስተኛ ድጋፎችን ይሰጣል፤ በሙያው ጀማሪ የሆኑም ያመለክታሉ። እ.ኤ.አ. በ1972 በስዊድን የተመሠረተው ዓለም አቀፍ የሳይንስ ፋውንዴሽን በታዳጊ አገሮች ያሉ ወጣት ተመራማሪዎችን ለብዙ ዓመታት ሲደግፍ የቆየ ነው። ታሪክ፣ ዐረብኛና ቅርስ ለሚያጠኑ ደግሞ በብሪቲሽ ላይብረሪ ሥር እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ የሚሠራ፣ ለመጥፋት የተቃረቡ ሰነዶችን በዲጂታል ለመቅዳት ድጋፍ የሚሰጥ ፕሮግራም አለ። መርሁ የሚያስመሰግን ነው፤ ዋናው መጽሐፍ ከአገሩ አይወጣም፣ የሚሄደው ቅጂው ነው። በባሌ በየሸኹ ቤት ያሉትን የእጅ ጽሑፍ ኪታቦች ለምናስብ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

የእስላማዊ ልማት ባንክን ስም የሚያነሱልንም አሉ። ባንኩ እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ አባል ባልሆኑ አገሮች ለሚኖሩ ሙስሊም ማኅበረሰቦች ያዘጋጀው የነጻ ትምህርት ዕድል አለው። ያ ግን ለትምህርት ነው፤ ከምርምር ድጋፍ ጋር አናምታታው።

ማስጠንቀቂያ፦ "ለማመልከት ይህን ያህል ክፈሉ" የሚል ካጋጠመን እንጠርጥር። ገንዘብ ሊሰጠን የጠራን ሰው ገንዘብ አይጠይቀንም። የጥሪውን ትክክለኛነት ከመምህር ወይም ከምርምር ክፍሉ ሳናረጋግጥ ፓስፖርትም ሆነ የባንክ ሒሳብ ቁጥር አንላክ።

ጥያቄን ማጥበብ፦ ከቀበሮዎቹ የምንማረው

የጀማሪ ፕሮፖዛል ዋና በሽታ ጥያቄው መስፋቱ ነው። "በባሌ የደን መመናመንና የማኅበረሰቡ ኑሮ" የሚል ርዕስ ለአሥር ዓመትና ለአንድ ተቋም የሚሆን ነው፤ ለስድስት ወርና ለአምስት ሰው አይሆንም። የእኛም የመጀመሪያ ርዕስ "የሐረና ጫካ ቡና ችግሮችና መፍትሔዎቻቸው" የሚል ነበር። መምህራችን አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁን፦ "ሥራውን ስትጨርሱ ለሐጂው የምትነግሯቸው አንድ ዓረፍተ ነገር ምንድን ነው?" ያን ስንፈልግ ርዕሱ ጠበበ፦ በአንገቱ ዙሪያ ቡናን በአልጋ ማድረቅ የጀንፈሉን ጥራትና የገበሬውን የመሸጫ ዋጋ ምን ያህል ይለውጣል?

ጠባብ ጥያቄ ትንሽ ጥያቄ አይደለም። ለዚህ ምስክር ከአፍንጫችን ሥር አለ። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1970 የተቋቋመና እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው። በዓለም ላይ ከ500 የማይበልጡት የኢትዮጵያ ቀይ ቀበሮዎች ከግማሽ በላይ የሚኖሩት በእነዚህ ተራሮች ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ከእረኞች ውሾች እየተሻገረ ደጋግሞ ፈጃቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ በ2003፣ በ2008፣ በ2014። የ2003ቱ ወረርሽኝ በዌብ ሸለቆ ከነበሩት አብዛኞቹን ጨረሰ።

ተመራማሪዎቹ "ቀበሮን እንዴት እናድን?" በሚለው ሰፊ ጥያቄ አልቆሙም። በመጀመሪያ "ጥቂቶቹን ብቻ፣ በትክክለኛው ቦታ ብንከትብ ወረርሽኙ ይቆማል ወይ?" ብለው ጠየቁ፤ በ2003ቱ ወረርሽኝ የተገኘውም መልስ እ.ኤ.አ. በ2006 ኔቸር በተባለው መጽሔት ወጣ። ቀጥለው "በመርፌ ለመውጋት ቀበሮን መያዝ ከባድ ነው፤ ክትባቱን በምግብ ውስጥ ብንሰጠውስ ይበላዋል ወይ?" አሉ። ይህን በጥቂት ቀበሮዎች ሞከሩ። ከቀረቡት ማባበያዎች የፍየል ሥጋ ተመራጭ፣ ማታ መበተኑም የተሻለ መሆኑን አዩ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2018 የአፍ ክትባቱ በሥራ ላይ የዋለው።

ትምህርቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ትልቅ ሥራ በትናንሽ ጥያቄዎች ደረጃ በደረጃ ይወጣል። ሁለተኛ፣ ትንሽ የቅድሚያ ሙከራ ያለው ሰው ይታመናል። በሠላሳ ገበሬዎች ላይ የተሠራ ቅድመ ጥናት ቢኖረን በፕሮፖዛሉ ውስጥ ከአሥር የሚያማምሩ ዓረፍተ ነገሮች ይበልጣል።

የሰነዱ አካላት

ድጋፍ ሰጪው የራሱ ቅጽ ካለው ቅጹን እንከተል፤ የገጽና የቃላት ገደቡን አንለፍ። ቅጽ ከሌለው የሚከተሉት ይገኙበት።

ርዕስ፦ ምን፣ የት፣ በማን ላይ እንደሚጠና ይናገር። ከሁለት መስመር አይብለጥ።

አጭር መግለጫ፦ በመጀመሪያ ይነበባል፤ የሚጻፈው ግን በመጨረሻ ነው። ችግሩን፣ ዓላማውን፣ ዘዴውን፣ ጊዜውን፣ የገንዘቡን መጠንና የሚጠበቀውን ውጤት በአንድ ገጽ ያሳይ።

የችግሩ መግለጫ፦ እዚህ ላይ ብዙዎቻችን ከዓለም እንጀምርና ወደ አፍሪካ፣ ከአፍሪካ ወደ ኢትዮጵያ፣ ከዚያ ወደ ኦሮሚያ እየወረድን አንገቱ ስንደርስ ገጹ ያልቃል። ቶሎ እንድረስ። በጉዳዩ ላይ እስካሁን የተሠራውን ጠቅሰን "ይህ ግን አልታወቀም" የምንልበትን ክፍተት በግልጽ እናሳይ። ለግብርና ጥናት የሲናና ግብርና ምርምር ማዕከልን ሥራዎች፣ ለጤና የጎባ ሆስፒታል ጥናቶችን ሳያዩ "በአካባቢው ምንም አልተጠናም" ማለት አደገኛ ነው። ገምጋሚው ራሱ ያንን ጥናት የሠራ ሰው ሊሆን ይችላል።

ዓላማ፦ አንድ ዋና ዓላማ፣ ሦስት ወይም አራት ዝርዝር ዓላማዎች ይበቃሉ። ዓላማ የሚለካ ይሁን። "ግንዛቤ ማሳደግ" አይለካም፤ "በአልጋና በመሬት የደረቀ ቡና የእርጥበት መጠንን ማወዳደር" ይለካል።

ዘዴ፦ የፕሮፖዛሉ ልብ ይህ ነው። ለእያንዳንዱ ዝርዝር ዓላማ መረጃው ከማን፣ በምን፣ መቼ እንደሚሰበሰብና እንዴት እንደሚተነተን ይጻፍ። የናሙና ቁጥር ከየት እንደመጣ ይታይ። ለምሳሌ በመጠይቅ የአንድን ነገር ስርጭት ለማወቅ ስንፈልግና ከዚህ በፊት የታወቀ ቁጥር ሳይኖር፣ ስርጭቱን 50 በመቶ፣ የስህተት ወሰኑን 5 በመቶ፣ የመተማመኛ ደረጃውን 95 በመቶ እንወስዳለን። ስሌቱ 1.96 በ1.96፣ ሲባዛ በ0.5፣ ሲባዛ በ0.5፣ ሲካፈል ለ0.0025 ነው፤ 384.16 ይሰጣል፣ ወደ ላይ ተጠጋግቶ 385 ይሆናል። መልስ ለማይሰጡ 10 በመቶ ሲጨመርበት 424 ይደርሳል። ይህን ቁጥር ከሌላ ሰው ጽሑፍ ገልብጠን የምናስገባ ብዙ ነን። ከየት እንደመጣ የማናውቀው ቁጥር ግን በቃል ማብራሪያ ጊዜ ያጋልጠናል።

የሥራ መርሐ ግብር፦ የባሌን ወቅቶች የማያውቅ መርሐ ግብር ወረቀት ላይ ይቀራል። በባሌ ደጋ ሁለት የእርሻ ወቅቶች አሉ፤ ገበሬው ገና እና ቦና ይላቸዋል። በአጨዳ ሳምንት መጠይቅ ይዞ ወደ ገበሬ ቤት የሚሄድ ሰው ቤቱን ባዶ ያገኘዋል። የጫካ ቡና በብዛት የሚለቀመው ከመስከረም በኋላ ባሉት ወራት ነው፤ ያ ካመለጠ ዓመት መጠበቅ ነው። ረመዳንንም እናስብ። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ፊት ስለሚመጣ የዘንድሮውን ይዘን የሚቀጥለውን ዓመት መርሐ ግብር አንሥራ። በጾም ቀን ሰውን ለሁለት ሰዓት ለመጠይቅ ማስቀመጥ እሱንም መረጃውንም ይጎዳል።

በጀት፦ ሒሳቡ አማናውን ይናገራል

በጀት ከዘዴው ይወለዳል። ከላይ ያለውን ምሳሌ እንቀጥል፦ 424 ሰው ልንጠይቅ ነው። አንድ መረጃ ሰብሳቢ በቀን 9 ሰው ያነጋግራል ብንል፣ 6 ሰዎች በቀን 54 ያነጋግራሉ። 424 ለ54 ሲካፈል 7.85 ነው፤ ስለዚህ 8 ቀን ያስፈልጋል። አበሉ ለምሳሌ 500 ብር ቢሆን 6 ሲባዛ በ8፣ ሲባዛ በ500፣ 24,000 ብር ይሆናል። ገምጋሚው ይህን ሲያይ 24,000 ከየት እንደመጣ ያውቃል። "ለመረጃ ሰብሳቢ፦ 40,000 ብር" ብቻ ብንል ግን ገንዘቡን እንጂ ሥራውን እንዳላሰብን ይረዳል።

የመጓጓዣን፣ የስልክና የኅትመትን፣ የናሙና ምርመራን፣ የመጠይቅ ትርጉምን፣ ውጤቱን ወደ ማኅበረሰቡ መልሶ የማሳወቂያን ወጪ ለየብቻ እንጻፍ። ይህን የመጨረሻውን ብዙዎች ይረሱታል፤ "ተመልሶ የሚነግር የለም" የተባለው በዚህ ምክንያት ነው። የአበሉ መጠን በዩኒቨርሲቲው ደንብ ይሁን። መጠባበቂያ ከ5 እስከ 10 በመቶ ይለመዳል፤ ድጋፍ ሰጪው ካልፈቀደ ግን አናስገባው።

"እነሱ ስለሚቀንሱት አስቀድመን እንጨምርበት" የሚል ምክር ትሰማላችሁ። አትስሙት። ሳያስፈልግ የተጨመረ ቁጥር ውሸት ነው፤ ፕሮፖዛል ላይ ስለተጻፈ ሐላል አይሆንም። ገንዘቡም በግል ሒሳባችን ሳይሆን በተቋሙ በኩል ይግባ፣ በተቋሙ በኩል ይውጣ። ይህ ከሐሜትም ከፈተናም ይጠብቀናል።

ፈቃድና ሥነ ምግባር

በሰው ላይ የሚሠራ ጥናት ሁሉ መረጃ መሰብሰብ ከመጀመሩ በፊት በዩኒቨርሲቲው የምርምር ሥነ ምግባር ገምጋሚ አካል መታየት አለበት። የፈቃደኝነት ቅጹ ሰውየው በሚገባው ቋንቋ ይሁን። በእኛ አካባቢ ይህ ማለት በአብዛኛው አፋን ኦሮሞ ነው። መጠይቁ ወደ አፋን ኦሮሞ ይተርጎም፤ ከዚያም ሌላ ሰው መልሶ ይተርጉመውና ትርጉሙ መጠበቁ ይታይ። እናቶችን የሚመለከት የጤና ጥናት ከሆነ ጠያቂዋ ሴት ብትሆን መልሱ የተሻለ እውነት ይኖረዋል፤ እህቶቻችን እዚህ ላይ ቦታቸው ሰፊ ነው።

በፓርኩ ክልል ውስጥ ለሚሠራ ጥናት የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልጋል። የጫካ ቡና ዘር፣ የመድኃኒት ቅጠል ወይም የባህል ሕክምና ዕውቀት የሚነካ ከሆነ አዋጅ ቁጥር 482/1998 አለ፤ የዘረመል ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት ያለፈቃድ እንዳይወሰድ፣ ከጥቅሙም ማኅበረሰቡ እንዲካፈል ያዝዛል። የሰዎችን ስም፣ ስልክና የጤና ሁኔታ የምንይዝ ከሆነ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን እናስብ። ፈቃዶቹ ጊዜ ይወስዳሉ፤ በመርሐ ግብሩ ውስጥ ወራት ይሰጣቸው።

ሌላው የዘመናችን ፈተና መቅዳት ነው። የሌላን ሰው ፕሮፖዛል ስም ቀይሮ ማስገባት ስርቆት ነው። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ጽፎ የሰጠንን እንዳለ መለጠፍም አደጋ አለው፤ የሌለ መጽሐፍና የሌለ ጥናት አስመስሎ ይጠቅሳል። ያላነበብነውን አንጥቀስ።

የማስገቢያው ቀን

እኛን የጣለን ይህ ነውና ዘርዘር እናድርገው።

ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ጽፈን ግድግዳ ላይ እንለጥፍ፤ ሁለት ሰው ለየብቻው ያስላው። ሰዓቱንም እንዲሁ። "23:59 ጂ ኤም ቲ" የሚል ካየን በእኛ አገር ከሦስት ሰዓት በኋላ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ሌሊት 8 ሰዓት ከ59 ይሆናል። ሌላ የሰዓት ክልል ከተጠቀሰ ደግሞ ስሌቱ ይለወጣል።

ለራሳችን የሐሰት ቀነ ገደብ እናስቀምጥ፤ ከእውነተኛው አንድ ሳምንት ይቅደም። መብራት ይጠፋል፣ ኔትወርክ ይቆማል፣ ፊርማ የሚሰጠው ኃላፊ ለስብሰባ አዲስ አበባ ይሄዳል። የድጋፍ ደብዳቤ፣ የትምህርት ክፍል ፊርማና ማኅተም የሚጠየቅ ከሆነ ሰነዱ ሳያልቅ በፊት እንጠይቅ።

ከመላካችን በፊት ጉዳዩን ፈጽሞ የማያውቅ አንድ ጓደኛ ያንብበው። "ምን ልትሠሩ ነው?" ብለን እንጠይቀው። በሁለት ዓረፍተ ነገር መመለስ ካልቻለ ችግሩ የእኛ ነው። ከላክን በኋላ የደረሰኝ ማረጋገጫውን እናስቀምጥ፤ ሰነዱንም በሁለት ቦታ እንያዝ።

"አልተቀበልንም" ሲሉን

አብዛኛው ፕሮፖዛል አይመረጥም፤ የታላላቅ ተመራማሪዎችም ሳይቀር። ውድቅ መሆን ማለት ሐሳቡ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። አስተያየት ከተላከልን ለሁለት ቀን እናስቀምጠው፤ ቁጣችን ሲበርድ አንድ በአንድ እንየው። አስተያየት ካልተላከ በትሕትና እንጠይቅ። ሦስት ሰዎች በአንድ ነጥብ ላይ ከተስማሙ፣ እኛ ትክክል ነን ብንል እንኳ አጻጻፋችን አላስረዳም ማለት ነው።

እኛም ባለፈው ዓመት ለሌላ ድጋፍ ሰጪ አስገባን፤ ቀኑን አልሳትንም። መልሱ ግን "ዘዴው አልተብራራም" የሚል ሆነ። ገምጋሚዎቹ ትክክል ነበሩ፤ የቡናውን እርጥበት በምን እንደምንለካ እንኳ አልጻፍንም ነበር። ውጤቱን እንደሰማን ሁለት ሆነው ወደ አንገቱ ሄዱ። ገንዘብ የለም፣ ጥናትም የለም፤ የሄዱት ይህንኑ ለመንገር ነው። ሐጂው ያዘኑ አይመስሉም ነበር። "ያልሆነ ነገር ሊነግረኝ ይህን ሁሉ መንገድ የመጣ ሰው አይቼ አላውቅም" አሉና የራሳቸውን ቡና ለሙከራው በነጻ ሊሰጡን ቃል ገቡ። በዚያ ቡና አነስተኛ ቅድመ ሙከራ ሠራን፤ የልኬቱን ዘዴ አስተካክለን ዘንድሮ እንደገና አስገብተናል። ውጤቱን እየጠበቅን ነው። ዱዓችሁ አይለየን።

በመጨረሻ

ከመጀመራችን በፊት ኒያችንን እናስተካክል፤ ለስም ነው ወይስ ለጥቅም? በሐሳብ ስንለያይ እንማከር፣ ውሳኔ ሲከብደን ኢስቲኻራ እንስገድ፣ ከዚያም እጃችንን ወደ ሥራው እንዘርጋ። ተወኩል ግመሉን ካሰሩ በኋላ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ በእኛ ቋንቋ ደግሞ ቀኑን በሁለት አቆጣጠር ከጻፉ በኋላ ነው።

ሐሳብ ያላችሁ፣ የተጀመረ ፕሮፖዛል ያላችሁ፣ ወይም ውድቅ የተደረገባችሁና ከማን ጋር እንደምታዩት የጨነቃችሁ እህቶችና ወንድሞች፣ ይዛችሁ ወደ እኛ ኑ። በጋራ እናነበዋለን፤ በጉዳዩ የሚሠራ መምህርም አብረን እንፈልጋለን። ከሮቤ እስከ አንገቱ፣ ከጎባ እስከ ዶሎ መና "ተመለሱ" ያሉን ብዙ ሰዎች አሉ። አላህ ሥራችንን የሚጠቅም፣ ቃላችንንም የሚጠበቅ ያድርግልን። አሚን።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።